ሐላል ነው ብለን ዝም ያልነው



አንድ ሰው በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ፊት ስለሌላ ሰው ደግነት ሲመሰክር፣ ዑመር ሦስት ነገር እንደጠየቁት ይነገራል። ጎረቤቱ ሆኖ ያውቅ እንደሆነ፣ አብሮት ተጉዞ ያውቅ እንደሆነ፣ በገንዘብ ተገበያይቶት ያውቅ እንደሆነ። መስካሪው ለሦስቱም «የለም» ብሎ ስለመለሰ፣ ዑመር እንግዲያው ሰውየውን እንደማያውቀው ነግረው ምስክርነቱን ሳይቀበሉት ቀሩ።

እነዚህ ሦስት ፈተናዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚገናኙበት ቦታ ቢኖር የመንገድ ላይ ምግብ ቤት ነው። ተጓዥ ነን፤ የምንበላው በገንዘብ ነው፤ ከማናውቀው ሰው ጋርም በአንድ አግዳሚ ወንበር ትከሻ ለትከሻ ገጥመን እንቀመጣለን። ወጡ ሲዘገይ፣ ብርጭቆው ቆሽሾ ሲመጣ፣ ሒሳቡ ከተነገረን በላይ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የባለ ምግብ ቤቱም የደንበኛውም ማንነት ይገለጣል።

የዛሬው ጽሑፋችን ጥያቄ ቀላል ይመስላል። አንድ ሙስሊም በአንድ የቤተሰብ ምግብ ቤት ውስጥ ምቾት ሲያጣና መስተንግዶው ሲከፋበት ምን ማድረግ ይገባዋል? ይታገሥ? ይቆጣ? ወይስ ከፍሎ ይውጣና ለሌላው ያውራ? «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር ሆኖ ጋዜጣ ላይ ይወጣል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገር ግን አብዛኛዎቻችን በግፈኛ ገዥ ፊት ቆመን እውነት እንድንናገር የምንጠየቅበት ቀን ላይመጣ ይችላል። እኛ በየቀኑ የምንጠየቀው በጉልት፣ በታክሲ፣ በምግብ ቤት ነው። በትንሹ ነገር እውነትን ከለዘበ አንደበት ጋር ማዋሐድ ያቃተው ሰው በትልቁ ይሳካለታል ብሎ መጠበቅ ዘበት ነው።

ከእንግዳ ወደ ደንበኛ

ነገሩን ከአንድ አገር ጋር አያይዘን እንየው። ይጁቤ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ወደ ዓባይ አቅጣጫ የምትገኝ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ናት። ዛሬ ስሟን የሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን የባሶ ገበያ በደቡብ ጎጃም ዝናው የገነነ ነበር። ከዓባይ ማዶ፣ ከእናርያና ከሌሎች የኦሮሞ አገሮች ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣበት ነበር፤ ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይወርድበት ነበር። ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥበት እንደነበር መሸሸግ አይገባም። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጎጃም የቆየው እንግሊዛዊ ተጓዥ ቻርልስ ቤክ ስለዚሁ ገበያ ጽፏል። ያን ረጅም የሲራራ ንግድ በአብዛኛው ይዘውት የነበሩት ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው። ርስት የተነፈገ ሕዝብ መተዳደሪያው ንግድና የእጅ ሥራ ነበርና።

እነዚያ ነጋዴዎች በመንገድ ላይ ምን ይበሉ ነበር? ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ምግብ ቤት አልነበረም። ተጓዥ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ስንቅ ቋጥሮ ይሄዳል። ሲመሽበት ደግሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ብሎ በር ማንኳኳት የአገሩ ወግ ነው። በአገራችን ብዙ ቦታ እስከ ዛሬ እንደሚታየው፣ ክርስቲያን ባለቤት ለሙስሊም እንግዳው ሥጋውን ትቶ ሽሮውን ያቀርባል፤ አቅም ያለውም ዶሮውን ወይም በጉን በሕይወቱ አምጥቶ እንግዳው ራሱ እንዲያርድ ይሰጠዋል። ምግብን ለመንገደኛ በገንዘብ መሸጥ ለብዙው ሰው እንደ ነውር የሚታይ ነገር ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ሕዝቡ ከፍሎ መብላትን ስላፈረ፣ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው እየሄዱ ማለማመድ እንዳስፈለጋቸው ይተረካል።

ታዲያ በዚህ ለውጥ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ተለውጧል። እንግዳ ደንበኛ ሆነ። እንግዳ የከፈለው የለምና የሚጠይቀው መብት የለውም፤ የቀረበለትን በልቶ ያመሰግናል። ደንበኛ ግን ይከፍላል፤ ስለዚህ ለከፈለው ልክ መብት አለው። በትልቅ ከተማ ሆቴል ይህ ግልጽ ነው። በቤተሰብ ምግብ ቤት ግን ሁለቱ ይደባለቃሉ። ወጡን የሠራችው እናት ናት፤ በጉን ያረደው አባት ነው፤ ትሪውን የምታመጣው ልጃቸው ናት፤ የምንቀመጠውም ከጓዳቸው በመጋረጃ በተለየ ክፍል ነው። ስለዚህ በኪሳችን ደንበኞች፣ በይሉኝታችን ግን እንግዶች ሆነን እንቀመጣለን። የከፋን እንደ ደንበኛ ነው፤ አፋችንን የሚይዘን ግን የእንግድነቱ ይሉኝታ ነው። ግራ የመጋባታችን ሥር ይህ ይመስለናል።

አንድ ቤት ብቻ ሲኖር

በጎጃም ደጋማ ከተሞች የሙስሊሙ ቁጥር ጥቂት ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ደግሞ፣ በሌላው ነገር ሁሉ ተዋደው ቢኖሩም፣ አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም። ሙስሊም ተጓዥ ረቡዕና ዓርብ ወይም በሁዳዴ ወቅት ከሆነ ባገኘው ቤት ሽሮና በያይነቱ በልቶ ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ ውጭ ሥጋ ካማረው ግን የሙስሊም ቤት መፈለግ አለበት። በትንሽ ከተማ ይህ ቤት አንድ ወይም ሁለት ነው፤ ጭራሽ የሌለበትም አለ።

አስቀድመን እውነቱን እንናገር። በእንዲህ ያለ ከተማ «የሙስሊም ምግብ ቤት» የሚል ጽሑፍ በበሩ ላይ ሰቅሎ የሚኖር ቤተሰብ ለሁላችንም ውለታ የዋለ ቤተሰብ ነው። ገበያው ጠባብ ነው። ያረደውን በግ በሁለት ቀን ካልሸጠ ይበላሽበታል፤ መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣውም ሣጥን ብቻ ነው። ለተማሪውና ለቀን ሠራተኛው በዱቤ ያበላል። በረመዷን መንገደኛው ጾሙን የሚያፈጥርበት ቤት እርሱ ነው። ይህን ውለታ የዘነጋ ቅሬታ ከመነሻው የተበላሸ ነው።

ነገር ግን ውለታው ከባድ እንደሆነ ሁሉ አማናውም ከባድ ነው። አሥር ምግብ ቤት ባለበት ከተማ ደንበኛ ሲከፋው አይናገርም፤ በነጋታው ሌላ ቤት ይገባል። ባለቤቱም ወንበሩ ባዶ ሲሆን ምን እንዳጠፋ ራሱን ይጠይቃል። በዚያ ከተማ እግር ይናገራል። ቤቱ አንድ ብቻ ሲሆን ግን እግር ዲዳ ነው። የከፋውም ያልከፋውም በማግሥቱ ተመልሶ ይመጣልና ባለቤቱ ሁሉም ደስ ያለው ይመስለዋል።

አልበርት ሂርሽማን የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ጉዳይ በሰፊው አይቶታል። አንድ ድርጅት ሥራው ሲበላሽ ደንበኛው በእጁ ያሉት መንገዶች ሁለት ናቸው ይላል፤ ጥሎ መሄድ ወይም መናገር። ለዚህ ሐሳብ ያነሳሳው የናይጄሪያ ምድር ባቡር ነበር። ባቡሩ አገልግሎቱ ሲበላሽ፣ ጠንከር ብለው ሊከራከሩ የሚችሉት ነጋዴዎች ጭነታቸውን ወደ ከባድ መኪና አዛወሩ። የሚጮህበት ሰው ስላጣ ባቡሩ እንደተበላሸ ቀጠለ።

ይህ በእኛም አገር የምናየው ነው። መኪና ያለው ሙስሊም ከቤቱ ስንቁን በሳህን አስይዞ ይወጣል፤ ወይም ደብረ ማርቆስ እስኪደርስ ይታገሣል። በትንሿ ከተማ ቤት ዕለት ዕለት የሚበላው በዱቤ የሚኖረው ተማሪ፣ ጫኝና አውራጁ፣ ከገጠር ለጉዳይ የመጣው ገበሬ ነው። ዱቤ ያለበት ሰው ስለ ብርጭቆው ንጽሕና ይናገራል ማለት ዘበት ነው። እንግዲህ መሄድ የሚችለው ይሄዳል፤ የቀረው መናገር አይችልም። ስለዚህ የመናገር ዕዳው ይበልጥ ያለው በማን ላይ ነው? ሌላ ምርጫ ባለው፣ ለአንድ ቀን መጥቶ በሚያልፈው በእኛው በከተሜው ላይ አይደለምን?

በአንድ ገበያ ቀን የታየ

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለሥራ ወደዚያው አካባቢ ሄጄ በአንድ የቤተሰብ ምግብ ቤት ምሳ በላሁ። የከተማዋን ስም አልናገርም፤ ሙስሊም ቤቷ አንድ ከሆነ ከተማዋን መጥራት ቤቱን መጥራት ነውና።

የገበያ ቀን ስለነበር ቤቱ ጢም ብሏል። የማጀቱ ጭስ ወደ ውስጥ ይገባል። የእጅ መታጠቢያው ጀሪካን ባዶ ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት የማትሞላ ልጅ ብቻዋን ትሪ ተሸክማ ትሯሯጣለች። አንድ ሰዓት ያህል ጠብቀን የቀረበልን ወጥ የትናንት መሆኑ በሽታው ያስታውቃል። ከከተማ የመጣ የሚመስል አንድ ወጣት ልጅቷ ላይ ጮኸባት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከጎኔ ያሉት ሁለት ሰዎች ዝቅ ባለ ድምፅ ቤቱን ያሙታል። ሌላው ደግሞ «ሶብር ነው ወገኖቼ፤ ሐላል መገኘቱም አልሐምዱሊላህ ነው» አለ። ሁሉም ከፍለው ወጡ።

አንድ ሸምገል ያሉ ነጋዴ ግን ሒሳባቸውን ከፍለው ለልጅቷም ጉርሻ ከሰጡ በኋላ ባለቤቱን ወደ በሩ ጠጋ አደረጉት። የተቀመጥኩት እዚያው ስለነበር ሰማሁ። «ልጄ፣ አላህ ይስጥህ። በዚህ አገር ሐላል አብልተኸናል» ብለው ጀመሩ። ከዚያ ጀሪካኑ ባዶ መሆኑን፣ ብርጭቆው እንዳልታጠበ፣ የትናንቱን ወጥ የትናንት ነው ብሎ ዋጋውን ቀንሶ ቢሸጠው በረካ እንደሚያገኝበት፣ ሕፃኗም በገበያ ቀን ብቻዋን እንደማትችለው በቀስታ ነገሩት። ድምፃቸው ከእኔ ሌላ ለማንም አልተሰማም።

ባለቤቱ አንገቱን ደፍቶ ሰማቸውና እንዲህ አለ፦ «አባቴ፣ ይህን ቤት ከከፈትኩ ሦስት ዓመቴ ነው። እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት። ሁሉም አልሐምዱሊላህ ብሎ ይወጣል፤ እኔም ደስ ብሏቸው ነው እል ነበር።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ስንቱ ሙስሊም በዚያ ቤት አልፏል! ስንቱስ በአውቶቡስ ውስጥ ቤቱን እያማ ተጉዟል! አንዱ ጮኸ፤ ጩኸቱ ግን ያረፈው በሕፃኗ ላይ ነው። ሌላው አማ፤ ሐሜቱ ለባለቤቱ አልደረሰውም። ሦስተኛው ታገሠ፤ ትዕግሥቱ ለኋላ መጪው ንጹሕ ብርጭቆ አላስገኘለትም።

ነውር ማውጣትና ሐቅን መናገር

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሳል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ምግብን አንድም ቀን ነውር አውጥተው እንደማያውቁ፣ ካማራቸው እንደሚበሉ፣ ካላማራቸውም ዝም ብለው እንደሚተዉት በቡኻሪና በሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ተላልፏል። ታዲያ ስለ ወጡ መናገር ከዚህ ሱና ጋር አይጋጭም?

መልሱን ከራሳቸው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት እናገኘዋለን። በሌላ ሐዲሥ፣ በገበያ ውስጥ በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ጣታቸው እርጥበት እንዳገኘው ሙስሊም ዘግበውታል። ባለ እህሉ ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው፣ ሰዎች እንዲያዩት ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልልም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። ስለ ምግብ ነውር የማያወጡት ነቢይ ስለ እህሉ እርጥበት ዝም አላሉም። ለምን? የመጀመሪያው የጣዕም ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው የሰው ሐቅ ነው። ኢማም አን-ነወዊ የተነቀፈውን ነውር ማውጣት ሲያብራሩ የሚጠቅሱት ጨው በዛው፣ ጨው አነሰው፣ ኮመጠጠ፣ ቀጠነ፣ አልበሰለም እንደማለት ያለውን ነው። የበደልና የማታለል ጉዳይ ሌላ ነው።

እንግዲህ በምግብ ቤት የሚገጥመንን ሁሉ በሦስት ከፍለን ብናየው ይቀላል።

አንደኛው ማንም ያላጠፋው ችግር ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ወንበሩ ይጠባል፣ ጭሱ ያስለቅሳል፣ የቧንቧ ውኃ ከከተማው ጠፍቷል። ይህን መታገሥ ነው፤ ትክክለኛው የሶብር ቦታ ይህ ነው።

ሁለተኛው የእጅ ማጠር ነው። ልጅቷ ያዘዝነውን ረሳች፣ ወጡ ቀዘቀዘ፣ ጨው በዛበት። ይህን ይቅር ማለት ነው። እኛም በየሥራ ቦታችን ስንት እንረሳለን!

ሦስተኛው ሐቅን መንካት ነው። የትናንቱ ዛሬ ነው ተብሎ ተሸጠ፣ ዋጋው ከተነገረው በላይ ተጠየቀ፣ የሚጠጣበት ዕቃ ሳይታጠብ ዞረ፣ ደንበኛ ተሰደበ። ይህን ዝም ማለት ሶብር አይደለም። እኛ ብንታገሠውም የሚጎዳው ከእኛ በኋላ በዚያው ብርጭቆ የሚጠጣው ሰው ነው። ሰው በራሱ ሐቅ ይታገሣል እንጂ በሌላው ሐቅ ላይ የመታገሥ ሥልጣን ማን ሰጠው?

ለመለየት የሚቸገር ካለ አንድ ቀላል መለኪያ እንስጠው። ገንዘብ የሚጠይቀውን ታገሥ፤ ትኩረትና ሐቀኝነት ብቻ የሚጠይቀውን ተናገር። አዲስ ጣሪያ ገንዘብ ይጠይቃል። እንስራ መክደን ግን ምንም አይጠይቅም።

እንዴት እንናገር?

የአገራችን ሰው «ዝም አይነቅዝም» ይላል። ለብዙ ነገር እውነት ነው። ሃይማኖታችን ግን ዲንን ራሱን ነሲሓ ብሎ ጠርቶታል። ነሲሓ ደግሞ ቁጣ አይደለም። ሙሳና ሃሩን (ዐ.ሰ.) ወደ ፊርዐውን ሲላኩ እንኳ በለዘበ ቃል እንዲናገሩት ታዘዋል። ዑለሞች እንደሚሉት፣ ዛሬ የምንመክረው ሰው ከፊርዐውን የከፋ አይደለም፤ እኛም ከሙሳ የተሻልን አይደለንም!

ስለዚህ መናገር ያለብን ለሚመለከተው ሰው ነው። ትሪ ለምታመላልስ ሕፃን መጮህ ጀግንነት አይደለም። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ለዓመታት ሲያገለግሉ አንድም ቀን «ኡፍ» እንዳላሏቸው፣ ይህን ለምን ሠራህ፣ ያን ለምን ተውክ እንዳላሏቸው ተናግረዋል። በሌላ ሐዲሥም አገልጋይ ምግብ ሲያቀርብልን ከእኛ ጋር ባናስቀምጠው እንኳ አንድ ሁለት ጉርሻ እንድንሰጠው ታዘናል፤ የእሳቱን ሙቀት የቻለው እርሱ ነውና። አማርኛችን ለሁለቱም ነገር፣ ለጉርሻውም ለአስተናጋጅ ለሚሰጠው ገንዘብም፣ አንድ ቃል መያዙ እንዴት ያምራል! ወጡ ተበላሽቷል ብሎ የልጅቷን ጉርሻ መከልከል የአንዱን ጥፋት ከሌላው መቀበል ነው።

ቀጥሎ፣ ለብቻው እንንገረው። በደንበኞቹ ፊት የተነገረ ምክር ከምክርነቱ ይልቅ ውርደትነቱ ይበልጣል። ከከፈልን በኋላ እንንገረው፤ ሳይከፈል የተነገረ ቅሬታ ዋጋ ለማስቀነስ ይመስላልና። መልካሙን አስቀድመን እንንገረው፤ መልካሙም እውነት ነውና። ነገሩን እንጂ ሰውየውን አንንቀፍ። «ቆሻሻ ናችሁ» ማለትና «ብርጭቆው አልታጠበም» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ከተናገርን በኋላስ? በሱረቱ አን-ኒሳእ አላህ (ሱ.ወ.) ክፉ ንግግር በይፋ እንዲነገር እንደማይወድ፣ የተበደለ ሰው ግን እንደማይካተት ተገልጿል። ከቀደምት ተንታኞች አንዱ ሙጃሂድ ይህን ሲያብራሩ፣ በእንግድነት ሄዶ በአግባቡ ያልተስተናገደን ሰው በምሳሌነት ማንሳታቸው ከጉዳያችን ጋር በእጅጉ ይገናኛል። ኢማም አን-ነወዊም ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ዘርዝረዋል፤ በደልን ሊያስተካክል ለሚችል አካል ማመልከትና ሰዎችን ከጉዳት ማስጠንቀቅ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ተመክሮ እምቢ ያለንና የሰው ጤና የሚጎዳን ቤት ለሚጠይቀን ሰው መንገር፣ ለጤና ተቆጣጣሪዎችም ማመልከት ይቻላል። በአውቶቡስ ውስጥ ለሣቅ ማውራት ግን በየትኛውም በር አይገባም።

«ምስኪን ናቸው፤ እንተዋቸው»

የሚቃወመን ሊኖር ይችላል። «እነዚህ ምስኪኖች ናቸው፤ ብንናገራቸው ይሸማቀቃሉ፤ ገመናችንም በሌላው ፊት ይወጣል» ይላል። አዛኝነቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ሰውን ከዚህ የተሻለ አይችልም ብሎ መተው ርኅራኄ ይመስላል እንጂ ንቀት ነው። ባለ ሥራው ሊሻሻል የሚችል ሰው መሆኑን የሚያምን ይነግረዋል። ሙእሚን ለሙእሚን መስተዋት መሆኑ ተነግሮናል። መስተዋት ፊታችን ላይ ያለውን ጥላሸት ለእኛ ያሳየናል እንጂ ለመንደሩ አያወራም፤ አዝኖልንም አይደብቀንም። ገመናችን እንዳይወጣ ከፈለግን ደግሞ መንገዱ ብርጭቆውን ማጠብ ነው። ያልታጠበ ብርጭቆ በማንም ሚስጥር ጠባቂነት አይነጻም።

ለባለ ምግብ ቤቶች

ለእናንተም አንድ ቃል አለን። ቁርኣን ስለምንበላው ነገር ሲናገር «ሐላል» የሚለውን ቃል «ጦይብ» ከሚለው ጋር አጣምሮታል፤ የተፈቀደና ጥሩ። በበራችሁ ላይ የሰቀላችሁት ጽሑፍ የመጀመሪያውን ይመሰክራል። ሁለተኛውን የሚመሰክሩት ጀሪካኑ፣ ፎጣውና ብርጭቆው ናቸው። ቢላው ሐላል ሆኖ እንስራው ክፍት ከሆነ ግማሹ ቀርቷል።

የቀደሙት ሙስሊሞች ይህን በዋዛ አላዩትም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) አሽ-ሸይዘሪ ስለ ገበያ ቁጥጥር በጻፉት መጽሐፍ ስለ ወጥ ሠሪዎችና ስለ ሥጋ ጠባሾች ለብቻቸው ምዕራፍ መድበዋል፤ ዕቃቸውን አጥበው ከዝንብና ከተንቀሳቃሽ ነፍሳት እንዲከድኑ ይታዘዙ ነበር። በየገበያው የሚዞር ሙሕተሲብ ነበር። ዛሬ በትንሽ ከተማ ተቆጣጣሪው በዓመት ስንት ቀን ብቅ ይላል? በቀረው ቀን የሚያያችሁ አላህ (ሱ.ወ.) ነው፤ ከርሱ በታች ደግሞ ደንበኛችሁ። ደንበኛችሁ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። «ምን ጎደለ?» የምትል ቃል ዋጋ የላትም።

ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ለማያውቋቸው እንግዶች ያደረጉትን አስቡ። ሳያስጠብቁ ፈጥነው፣ ካላቸው መልካሙን የሰባ ጥጃ፣ ወደ እንግዶቹ አስጠግተው አቀረቡ። ፍጥነት፣ ጥራት፣ አክብሮት! እንግዶቹ ዋጋ አልከፈሏቸውም። ከፋይማ እንዴት ያነሰ ይገባዋል? ድህነታችሁ ቤታችሁን ሊያጠበው ይችላል፤ ፊታችሁን ግን ማጥበብ የለበትም። የአገራችን ሰው «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው ለዚህ አይደለምን?

«ሌላ የት ትሄዳለህ?» የሚለው አነጋገር ደግሞ ከአንደበታችሁም ከልባችሁም ይውጣ። ሌላ የሚሄድበት የሌለው ሰው በእጃችሁ የገባ አማና ነው። የሸሪዓን ትእዛዝ አክብሮ ከአሥር በር አልፎ ወደ እናንተ የመጣን ሰው ሌላ ምርጫ የለውም ብሎ ችላ ማለት በዲኑ ምክንያት መቅጣት ይሆናል።

ውድ አንባቢ! ነገ ጠዋት ከመናኸሪያ ስትነሳ፣ እኩለ ቀን ላይ የሆነ ከተማ ደርሰህ የጨረቃና የኮከብ ምልክት ያለበትን በር ትፈልጋለህ። ስታገኘው ደስ ይበልህ፤ ያን በር ክፍት አድርገው ያቆዩልህን ሰዎች አመስግን። ጭሱን ቻለው፤ ልጅቷን አክብራት፤ ሒሳብህን ክፈል። ሐቅ ተነክቶ ካየህ ደግሞ ሳትነግረው አትውጣ። ከአንተ በኋላ የሚገባው፣ በዱቤ የሚበላው፣ መናገር የማይችለው ወንድምህ አንተ ባወጣሃት አንዲት ለስላሳ ቃል በንጹሕ ብርጭቆ ይጠጣ ይሆናል።

አላህ (ሱ.ወ.) ሐላሉንም ጦይቡንም ይስጠን፤ ምክርን ከሚሰጡና ከሚቀበሉ ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።